ፉከራ የሚሰማው አንበሳ

ተረት ተረት፣ የአንበሳ ጎረቤት። ልጆች፣ ቀረብ በሉና ስሙ።

ድሮ፣ ሽመል ውሃ በሚባል ቆላ አዛናው የሚባል አዳኝ ነበር። ሰባት አንበሳ ገድሏል። ሰባቱም ሰው በሊታ ነበሩ፤ ሰው ያልነካውን አንበሳ አዛናው ነክቶት አያውቅም። አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ተወ። ታላቁ መኳንንት ጦሩን ወረሰ። ተከታዩ ደምሌ ከአንበሳ ጋማ የተሠራውን ጎፈር ወረሰና ራሱ ላይ ደፋው። ለሴት ልጁ ለአንጓች ምንም አልደረሳትም። ግን አባቷ ለአደን ሲወጣ ስንቅና ውሃ ተሸክማ የምትከተለው እሷ ነበረች። ዱካ ሲያይ እንዴት እንደሚያጎነብስ ታውቃለች።

አዛናው በሞተ በዓመቱ፣ ሰሊጥ በደረሰበት ወር፣ ሌላ ሰው በሊታ መጣ። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ቶሎ ካላጨዱት ፍሬው ይረግፋል። ሰው ግን ማሳ መውጣት ፈራ።

መኳንንት ጦሩን ይዞ በስተምሥራቅ ካለው ጉብታ ላይ ወጣ። ወንዱ ሁሉ ተከተለው።

«ዘራፍ! የሰባት አንበሳ ገዳይ ልጅ!» ብሎ ፎከረ።

«በለው! በለው!» አለ ወንዱ።

ሲፎክሩ ዋሉ። ያን ጊዜ አንበሳው በስተምዕራብ ገብቶ ውሃ የምትቀዳውን የሸማኔውን ሚስት ወሰደ።

ደምሌ ወንድሙን ሳቀበት። «ጦርማ ማንም ይይዛል። አንበሳ የሚደነግጠው ጎፈር ሲያይ ነው።»

በማግሥቱ ጎፈሩን ደፍቶ በስተምዕራብ ወዳለው የወንዝ መሻገሪያ ወረደ። ወንዱ ሁሉ ተከተለው። ደምሌም «ዘራፍ!» አለ። ወንዱም «በለው!» አለ። አንበሳው በስተምሥራቅ ገብቶ ቀፎ የሚያዩትን አዛውንት ወሰደ።

የአገሩ ዳኛ አያ ቢያድግልኝ ሕዝቡን ሰበሰቡ።

«ሦስተኛ ሰው ከተበላ አገሩን ለቀን ደጋ እንወጣለን» አሉ።

አንጓች ይህን ስትሰማ ደነገጠች። የአዛናውን አገር አንበሳ አስለቀቀው ሊባል ነው። ሰባቱ ሁሉ ከንቱ ሊሆኑ ነው። ተነሥታ ሁለቱ ሰዎች ወደተወሰዱበት ቦታ ሄደች። አጎነበሰች። በሁለቱም ቦታ ያለው ዱካ አንድ ነው፤ የቀኝ የፊት እግሩ አንድ ጣት ይጎድላል። ዱካውን ወደ ኋላ ተከተለችው። በሁለቱም ቦታ ሣሩ ተኝቷል። አንበሳው ተጋድሞ ቆይቶ ነበር። ማንም አልነዳው፣ ማንም አላባረረው። ታዲያ ምን ሲጠብቅ ነበር?

አሰበችና ገባት። ወደ ዳኛው ተመለሰች።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ልናገር ይፍቀዱልኝ።»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ይህ አንበሳ ፉከራ ይሰማል። ወንዱ አንድ ቦታ መሰብሰቡን በጆሮው ያውቃል። ከዚያ ሰው በሌለበት በኩል ይገባል።»

መኳንንት ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ እንዝርትሽን ያዢ! አንበሳ አማርኛ ተማረ?»

«አማርኛ አያስፈልገውም፣ አያ መኳንንት። የአንተ ጩኸት ይበቃዋል። አባታችን ሳይገድል ሲፎክር ሰምተህ ታውቃለህ?»

መኳንንት ሰምቶ አያውቅም። አዛናው ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ የሚፎክረው ገድሎ ሲመለስ ነበር።

«ታዲያ ፉከራ ይቅር ነው የምትዪው?» አሉ ዳኛው።

«የለም፣ ይፎከር። ግን እኔ ባልኩት ቀን፣ እኔ ባልኩት ቦታ።»

ከዚያም ጦሩን ለመነች። መኳንንት ከለከላት። ጎፈሩን ለመነች። ደምሌ «ፀጉርሽን ያበላሸዋል» ብሎ ቀለደባት። ወደ ሴቶቹ ሄዳ ዶማ ለመነች። ሴቶቹ ዶማቸውን ይዘው፣ ራሳቸውም አብረው መጡ።

የምዕራቡን ወገን በሙሉ በእሾህ አጠሩት። አንዲት መግቢያ ብቻ ተዉ። እዚያ ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። አንድ ቀን ቆፈሩ፣ አልበቃም። ሁለት ቀን ቆፈሩ፣ አልበቃም። በሦስተኛው ቀን ቆፋሪዋ ከውስጥ ቆማ ራሷ አልታይ አለ። ታቹን የሾለ እንጨት ተከሉበት፤ ላዩን በማሽላ አገዳና በአፈር ሸፈኑት።

«አሁን ፎክሩ!» አለች አንጓች።

ወንዱ የምሥራቁን ጉብታ ሞላው። መኳንንት ፎከረ፣ ደምሌ ፎከረ፣ አገሩ ተናወጠ። አንጓችና ሴቶቹ ከእሾሁ አጥር ጀርባ ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። አንበሳው መጣ። አልቸኮለም። ቆመ። ጆሮውን ወደ ጉብታው አቀና። ሁሉም እዚያ ናቸው። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ፣ በሦስተኛው መሬቱ ከዳው።

አንጓች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ አየችው። ጣቱ የጎደለው እርሱ ነው። ሞቷል።

ወንዱ እየሮጠ መጣ። ደምሌ ከሁሉ ቀድሞ ዘለለ። «ዘራፍ! የገዳይ ልጅ!»

«ዝም በል!» አሉ ዳኛው። «ማን ገደለውና ነው?»

«ፉከራችን ነው ያመጣው!»

«እውነት ነው» አሉ አያ ቢያድግልኝ። «የሸማኔውን ሚስትና አዛውንቱንም ያስበላው ፉከራችሁ ነው።»

ዳኛው ጎፈሩን ከደምሌ ራስ አንሥተው በአንጓች ራስ ላይ ደፉት። ጦሩን ከመኳንንት እጅ ተቀብለው ለእሷ ሰጧት። ወንድማማቾቹ በገዛ እጃቸው አንድ አውሬ እስኪገድሉ ድረስ «ዘራፍ» እንዳይሉ ፈረዱባቸው።

«በይ ልጄ፣ ፎክሪ» አሉ። «ደንቡ ነው።»

በሽመል ውሃ ሴት ፎክራ አታውቅም። አንጓች ሴቶቹን አየቻቸው፤ እጃቸው በዶማ ውሃ ቋጥሯል። ጦሩን ነቀነቀች፦

«ዘራፍ! የዝምተኛው ልጅ፣ የአዛናው፣
በጆሮው የገደለንን፣ በጆሮው ጣልነው!»

«በለው!» አሉ ሴቶቹ። ወንዶቹም ተከትለው «በለው!» አሉ።

ሰሊጡ ሳይረግፍ ታጨደ። ማንም አገሩን አልለቀቀም። የአዛናው ቤት ገዳይ ቤት እንደተባለ ቀረ፤ ቁጥሩም ስምንት ሆነ። መኳንንትና ደምሌ ጠላ ቀምሰው ሞቅ ሲላቸውና «ዘራ…» ማለት ሲጀምሩ፣ ከጓዳ የሴቶች ድምፅ ይመጣል፦ «አውሬው የታለ?»

ለዚህ ነው የአገሬው ሰው «ሳይገድሉ ፉከራ፣ ለአውሬ መንገድ መራ» የሚለው።

ተረቴን ተረከቡ፤ ከመፎከር በፊት አስቡ።