እናቴ የቅዱሱን ዳቦ ስትጠብቅ

ተረት ልንገራችሁ፤ ግን የራሴ ስለሆነ ዓይን ዓይኔን አትዩኝ።

የአገራችን ሰው አባ ፍቅረማርያም ሮም ላይ ቅድስናቸው ታወጀና፣ ወሼና ገረኖ የተባሉት ሁለት መንደሮች አንድ ድንኳን ጣሉ። በኮባ የተጋገረ ትልቅ ዳቦም ቀረበ። እኔ የወሼ አስተማሪ ነኝ፤ አሮጊት እናቴን ለበዓሉ ከከተማ አምጥቻታለሁ። «ከቅዱሱ ዳቦ በፊት እህል አልቀምስም» ብላ ከንጋት ጀምሮ ጾማለች።

«ልጄ፣ ቁራሽ ብቻ» አለችኝ።

ባለ ቢላዋን እትዬ ወለላን ለመንኳት። «አልቆርስም፤ አባ ካልባረኩ!»

የሰበካችንን ቄስ፣ አባን ለመንኳቸው። «አልባርክም፤ ደወል ካልተደወለ።» ደወሉ አልተደወለም፣ አባ አልባረኩም፣ ቢላው አልቆረሰም፣ እናቴ አልበላችም።

ደዋዩን ለመንኩት። «አልደውልም፤ ባነሩ ካልተሰቀለ!» ባነሩ አልተሰቀለም፣ ደወሉ አልተደወለም፣ አባ አልባረኩም፣ ቢላው አልቆረሰም፣ እናቴ አልበላችም።

ባነሩ ላይ «የቅዱሱ የትውልድ መንደር» ተብሎ ተጽፏል፤ የመንደሩ ስም ግን የለም።

«አባታቸው የወሼ ሰው ናቸው፤ ወሼ ተብሎ ይጻፍ!» አሉ የወሼው ሽማግሌ አቶ ብርጋ።

«የበኩር ልጅ በእናቱ ወላጆች ቤት ነው የሚወለደው፤ ገረኖ!» አሉ የገረኖው ሽማግሌ አቶ ሳህሌ። «ወሼ እንኳን ቅዱስ፣ ደህና ጎመንም አብቅላ አታውቅ!»

ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም፣ ባነሩ አልተሰቀለም፣ ደወሉ አልተደወለም፣ አባ አልባረኩም፣ ቢላው አልቆረሰም፣ እናቴ ግን ከወንበሯ ዘንበል አለች።

ያኔ ዕድሜዬን ሙሉ የደበቅኩት ነገር ከአፌ ወጣ። «ይቅርታ፣ አባቶቼ... የቅዱሱ እናት ለመውለድ ወደ ገረኖ ሲሄዱ ምጥ መንገድ ላይ ያዛቸው። ቅዱሱ የተወለዱት ወንዝ ዳር፣ ሸክላ ሠሪዎች ጎጆ ውስጥ ነው። ያዋለደቻቸውም የእናቴ አያት ናት። እኛ... የሸክላ ሠሪ ዘር ነን።»

ወሼም ገረኖም ከሸክላ ሠሪ ጋር ማዕድ ቀርበው አያውቁም። አቶ ብርጋ አቶ ሳህሌን አዩ፤ አቶ ሳህሌ መሬት መሬቱን አዩ። ለካ ሁለቱም ያውቁ ኖሯል!

አባ የቀለም ብሩሽ አንስተው ባነሩ ላይ «ወንዝ ዳር» ብለው ጻፉ። ባነሩ ተሰቀለ፣ ደወሉ ተደወለ፣ አባ ባረኩ፣ ቢላው ቆረሰ፣ እናቴም ጎረሰች።

«ወንዙ እኮ የወሼ ነው!» አሉ አቶ ብርጋ ወዲያው።

«የገረኖ ነው! ሸክላ ሠሪዎቹም ከጥንት ዘመዶቻችን ናቸው! እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን!»

«ቆዩኝ» አለች እናቴ፤ «አፌን ዳቦ ይዞታል።»