አራቱ ሽማግሌዎችና ያልተቆረጠው ቀረጻ

አንድ ድራማ ሠሪ ነበረ። በየሳምንቱ እሑድ በቴሌቪዥን የሚታይ፣ የሚያስፈራ ድራማ ነበር የሚሠራው። የሚያስፈራ ይባል እንጂ ማንንም አያስፈራም ነበር።

ጥያቄሽን ረስቼ ተረት የጀመርኩ እንዳይመስልሽ፣ ሐመልማል። የጣቢያው ኃላፊ ያቺን ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሳትቋረጥ የምትሄደውን ቀረጻሽን «ቆራርጫት» ብሎሻል። «ካሜራው አለማቋረጡ ለታይታ ካልሆነ ለተመልካቹ ምን ይጠቅመዋል?» ሲልሽ ደግሞ መልስ አጥተሽ መጣሽ። እኔ ሠላሳ ዓመት ካሜራ ተሸክሜ ለዚህ መልስ ባጣ ያሳፍረኛል። ስለዚህ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

ያ ሰው የሚያውቀው መቁረጥ ብቻ ነበር። በር ሲጢጥ ሲል ያሳያል፣ ይቆርጣል። የሴትየዋን ዓይን ያሳያል፣ ይቆርጣል። ከዚያ ድው የሚል ሙዚቃ፣ ከዚያ መንፈሱ ጣራው ላይ ተለጥፎ። ሰዉ ይስቅ ነበር እኮ! ምሳ ቤት ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንዱ እየጎረሰ «እዚህ ጋ ቆርጠው ነው የሰቀሉት» ይላል። ሰው ሞኝ አይደለም። የተቆረጠበትን ቦታ በዓይኑ ባያየው እንኳ ይሸተዋል።

በመጨረሻ ጣቢያው «የሚቀጥለው ክፍል ሰው ካላስፈራ ድራማው ይቆማል» አለው። ቀልቡ ተገፈፈ። ካሜራውን የምይዝለት እኔ ነበርኩና «እስቲ አንዴ እንኳ ‹ካት› ብለህ ሳትቆርጥ ሞክራት» አልኩት። «ካት ካላልኩ ምኑን ዳይሬክተር ሆንኩ?» ብሎ ተቆጣኝ። ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ስለነበር እሺ አለ።

ታሪኩ አጭር ነው። አራት ሽማግሌዎች ለአንዲት ሴት የባሏን መርዶ ሊነግሩ በማለዳ ይሄዳሉ። በሩን ያንኳኳሉ። በሩን የሚከፍትላቸው ራሱ የሞተው ባል ነው። በቃ። ሽማግሌዎቹ ከተሰበሰቡበት ግቢ ተነስተው፣ ረጅሙን ኮረኮንች ወርደው፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ካሜራው ከኋላቸው አይለይም።

ለሽማግሌነት ተዋናይ አላመጣም። ቀረጻው ከሚደረግበት ሰፈር የእድር ሽማግሌዎችን ለመነ፤ እውነተኛ መርዶ ሲናገሩ የኖሩ፣ አረማመዱን ማንም የማያስተምራቸው ሰዎች። ይህስ ብልህነት ነበር። ጥፋቱ ለሰፈሩ ሰው አለመናገሩ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ያበላሽብኛል ብሎ ፈርቶ ነገሩን በምስጢር ያዘው።

በዚያ መንገድ መሐል አንዲት እናት ትኖር ነበር። ያላት አንድ ልጅ ነው። በባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖት ነበር፤ ከወጣ ጀምሮ ድምፁን አልሰማችም። እኛ ይህን አናውቅም። ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ ግን በቴሌቪዥን ልንታይ ነው በሚለው ደስታ ማን ያስታውስ!

ልክ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። እኔ እንደ ልማዴ ቀደም ብዬ መቅረጽ ጀመርኩ፤ ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ገና ከአራቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑትን የእድሩን ዳኛ ግንባር እየጠረገች ነበር። ድራማ ሠሪው «ምንም ቢመጣ እንዳትቆሙ፤ አህያ ቢመጣ፣ መኪና ቢመጣ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ» አላቸው። ሄዱ። እኔ ከኋላቸው፣ ድምፅ የሚቀዳው ከእኔ ኋላ፣ ሌሎቹም ተከታትለው፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን። ካሜራው በአራት ሽማግሌ ነጠላ ተከልሏል። ከፊት ለፊት ላየን ሰው የመርዶ አጃቢ እንጂ ሌላ ምን እንመስል ነበር?

እናቲቱ ፊቷን የታጠበችበትን ውሃ ልትደፋ በሯን ከፈተች። አየችን። ሳፋው ከእጇ ወደቀ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የራሷ እድር ሽማግሌዎች ናቸው፣ በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ምን ሊያደርጉ እንደሚሄዱም ታውቃለች። እጆቿን ራሷ ላይ ጫነች። «ናሁሰናይ» አለች። አልጮኸችም፤ የልጇን ስም ብቻ ጠራች። እኔም ይህን ሁሉ እየቀረጽኩ ነበር።

ድራማ ሠሪው ካት ማለቱንም ረስቶ ሮጠ። «እማማ! ልጅዎ ደህና ነው! ደህና ነው!» እያለ ጮኸ።

ወይ ጣጣ! እስቲ አስቢው። በአገራችን በማለዳ ሽማግሌ አስከትሎ የመጣ ሰው «ደህና ነው» ሳይል መርዶ ነግሮ ያውቃል? «ትንሽ አሞት ነው፣ አይዞሽ» የማይል ማን አለ? እሷን የጣላት ያ «ደህና ነው» የሚለው ቃል ነው። በሯ ላይ ቁጭ አለች።

የእድሩ ዳኛ ደንግጠው ቀረቡና «በእግዚአብሔር ስም፣ እህቴ፣ ይኼ ለድራማ ቀረጻ ነው» አሏት። እሳቸውንም ነጠላቸውን ጨምድዳ ያዘቻቸው።

«አምና ለየሺመቤት መርዶ ሲያረዱ ምን ነበር ያሏት? ‹ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ነው› አላሏትም? እርስዎ ነዎት! እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር!»

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። እውነቷን ነው። ድምፅ ቀጂው መሣሪያውን አሳያት፣ መታወቂያውን አሳያት፤ ማን ይሰማዋል? ይባስ ብሎ አንዲት ጎረቤት ከአጥር ማዶ ብቅ አለችና ነገሩን ሳትጠይቅ እዬዬዋን አቀለጠችው። በዚያ ሰዓት እዚያ የነበርነው ሁሉ፣ እውነተኛውን ነገር ይዘን የሚያምነን አጣን። ሴትየዋ ደግሞ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ዓይናችን እያየ ልትሞትብን ነው።

ድራማ ሠሪው ይኼኔ ካሜራውን ከእጄ ነጠቀኝ። ኮረኮንቹ ላይ ተንበረከከ። ቀረጻውን ወደ መጀመሪያው መልሶ በካሜራው ትንሿ መስኮት ፊት ለፊቷ ያዘላት።

«እኔን አይመኑኝ፣ እማማ። ይኼን ይዩ» አላት።

አየች። የዳኛው ግንባር ሲጠረግ አየች። አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ ሪዜንም አበጥሪልኝ፣ ልጆቼ ሊያዩኝ ነው እኮ» ብለው ልጅቷን ሲያስቁ ሰማች። «አህያ ቢመጣ እንዳትቆሙ» ሲባል ሰማች። ከዚያ መንገዱ መጣ፤ ወፍጮ ቤቱ፣ የጎረቤቷ ቆርቆሮ አጥር፣ የተሰበረው ቱቦ፣ ሁሉም የምታውቀው፣ አንዱም ሳይዘለል፣ እስከ ራሷ በር ድረስ። የራሷ ሳፋ ሲወድቅም አየች።

ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «መሐሉ ላይ የቆረጣችሁት አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

«ድገመው።»

ደገምንላት። ሁለተኛውን ስታይ እንባዋን ጠርጋ፣ መርፌ እንደጠፋበት ሰው አጎንብሳ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚንሾካሾኩበትን፣ የልጇ ስም የሚነሳበትን ቦታ ትፈልግ ነበር። የለም። አንድ ቃል የምትሸሸግበት ቀዳዳ አልነበረውም። ልጇ የት እንዳለ ዛሬም አታውቅም፤ ያን ማለዳ ግን መርዶ እንዳልመጣባት በዓይኗ አየች። ትንፋሿ ተመለሰ። ከዚያ ተነሳችና ድራማ ሠሪውን በጥፊ አጮለችው! ይበለው። እሱም ጉልበቷን ስሞ ይቅርታ ለመነ።

«ያን ቀረጻ በቴሌቪዥን አሳየው ወይ?» ብትይኝ፣ አላሳየውም። መፈተኑንስ ተፈትኗል፤ እንደዚያ ያለ ፊት ማንም ተዋናይ አያመጣለትም። ግን እዚያው ፊቷ አጠፋው። በሳምንቱ ቤት ለቤት ዞሮ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረና እንደገና ቀረጸ፤ ከግቢው እስከ በሩ፣ አንዴም ካት ሳይል። እሑድ ማታ የታየ ጊዜ ሰዉ በየቤቱ ተነስቶ በሩን ቆልፏል ይሉኛል። ድራማውም ሳይቆም ቀረ።

እንግዲህ ሐመልማል፣ ተመልካችሽ ያቺ እናት ናት። እሱም እንደ እሷ ዕድሜውን ሙሉ ክፉ ነገር የመጣበት ተሸፋፍኖ፣ «ደህና ነው» እየተባለ ነው። ካሜራሽ በዘለለ ቁጥር «እዚህ ጋ አንድ ነገር ሸፍነውኛል» ይላል፤ ይህን ካለ ደግሞ ፍርሃቱ ለቀቀው ማለት ነው፣ ወደ እራቱ ይመለሳል። ካልዘለልሽበት ግን የሚጠረጥረው ቦታ ያጣል። ያምንሻል፤ ካመነሽ በኋላ ያ በር ሲከፈት ማምለጫ የለውም። ኃላፊው አውጪ የሚልሽ ተዋናይዋ ልጅ ባዶውን ኮሪደር ዝም ብላ የምትሄድበትን አይደል? ሰው የሚያምንሽ እዚያ ላይ ነው። ነገ ሄደሽ «አልቆርጥም» በይው፤ ድምፅሽም አይንቀጥቀጥ። ይህን የምልሽ ግን ሰባቱንም ደቂቃ በእውነት ሳትቆርጪ ሄደሽው ከሆነ ነው።

ምነው ስልክሽን አነሳሽ?

«ጋሼ... ኮሪደሩ ውስጥ ጨለማው ምሰሶ ካሜራውን ሲከልለው አንዴ ቆርጬ ቀጥያለሁ። አንዴ ብቻ! ማንም አያውቅም። ኃላፊው ራሱ አላወቀም።»

አላወቀም? ታዲያ ሰውየው ለምን «ምን ይጠቅማል» አለሽ? ስላላመነሽ ነዋ! ተይው፣ ነገ ኃላፊው ጋ አትሄጂም፤ እንደገና ልንቀርጽ ኮሪደሩ ጋ ነው የምንሄደው። ተዋናይዋን ጥሪያት። ካሜራውን እኔ እይዝልሻለሁ።