ሙከራ የተባለው ድምፅ

ተረቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ መስማት የፈለገ ጠጋ ይበል፣ ያልፈለገ በሩን ዘግቶ ይውጣ።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ይርዳው የሚባል ሙዚቃ አቀናባሪ ነበር። የሚሠራው ቤቱ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ዲስኮች ይኖሩ ነበር። አንዱ ትንሽና ፈጣን ነው፤ ፕሮግራሞቹን ይይዛል። ሌላው ትልቅና ዘገምተኛ ነው፤ የተቀዳውን ድምፅ ሁሉ ይይዛል። ሦስተኛው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቅጂ ሊቀመጥበት ተገዝቶ አንድ ቀን እንኳ አልተሰካም።

አንድ ቀን አክስቱ እትዬ ዘርትሁን ሊጠይቁት መጡ። እሳቸው ሲያንጎራጉሩ መንገደኛ ይቆም ነበር።

«እትዬ፣ እስቲ አንዴ ልቅዳዎት።»

«ወግድ! በስተርጅናዬ ዘፋኝ ልታደርገኝ ነው?»

«ለሙከራ ብቻ ነው።»

«ለሙከራ ከሆነስ እሺ።»

የሞተውን ወንድማቸውን፣ የይርዳውን አባት፣ እያነሱ አንጎራጎሩ። ይርዳው አለቀሰ። አልቅሶ ሲያበቃ «ሙከራ» ብሎ አስቀመጠው። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!

ትልቁ ዲስክ እየሞላ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ጠበበኝ» አለ።

«እኔ ባዶ ነኝ፤ ሰካኝ» አለ የመሳቢያው።

«ነገ» አለ ይርዳው።

ሳምንት ቆይቶ ትልቁ «ጠበበኝ» አለ። የመሳቢያው «ሰካኝ» አለ። ይርዳው «ነገ» አለ።

በሦስተኛው ጊዜ አዲስ የከበሮ ድምፆች መጡ፤ የሚቀመጡበት ጠፋ። ያኔ ፈጣኑ ዲስክ ጣልቃ ገባ። እሱ ሁሌም ከሌላው ቤት ዕቃ ማስወጣት ይወዳል።

«ጌታዬ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ሙከራ የሚባሉትን ሁሉ አጥፋቸው። ሙከራ ለምን ይቀመጣል?»

«እውነትህን ነው» አለ ይርዳው። አንዱንም ሳይከፍት ሁሉንም አጠፋቸው። ከበሮዎቹም በቦታቸው ገቡ።

ክረምቱ ሲወጣ እትዬ ዘርትሁን ሞቱ። በአርባቸው ዘመድ ተሰበሰበ። ልጃቸው አልታየወርቅ ወደ ይርዳው ቤት መጣች።

«እናቴ ‹ድምፄ ይርዳው ጋ አለ› ብላኛለች። እስቲ አሰማን።»

ይርዳው ሮጦ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፈጣኑን ጠየቀው።

«እኔ ድምፅ አልይዝም፤ ምክር ነው የሰጠሁህ» አለ።

ትልቁን ጠየቀው።

«ያዝ ስትለኝ ያዝኩ፤ አጥፋ ስትለኝ አጠፋሁ» አለ።

መሳቢያውን ከፈተ። ያልተሰካው ዲስክ አየውና «ዛሬ ነው እንዴ ነገ?» አለው።

አልታየወርቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምን ብለህ ነበር ያስቀመጥካት?»

«ሙከራ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ዳግመኛም ቤቱን አልረገጠችም። ከበሮዎቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ፤ አንድም ዘፈን አልተሠራባቸውም።

ወዳጆቼ፣ የማይደገመውን ነገር ተራ ስም የሰጠ ሰው፣ ቦታ ሲጠበው መጀመሪያ የሚጥለው እሱኑ ነው። እኔ ተረቴን አስረክቤያለሁ፤ እናንተ በስሙ አስቀምጡት።