ደብሪቱና ሙቅ ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ዝንጀሮ

ተረቴ ከሩቅ አገር ተነሥታ ስትመጣ መንገድ ላይ ስድስት እንቢታ አግኝታለች። ጊዜ ያለው ይቀመጥ፣ የቸኮለም መንገዱን ይቀጥል፤ እንቢታዎቹን እየደጋገምኩ ስለምቆጥራቸው ችኩል ሰው ከኔ ጋር አይዘልቅም።

ደብሪቱ የምትባል አንዲት የይፋት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ አንቱ ያሰኛል፤ ተረት ውስጥ ግን አንቱታ ስለማይመቸኝ አንቺ እላታለሁ። ልጇ አንዳርጌ ጃፓን አገር፣ ተራራ ሥር ባለች ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። እናቱን ለሦስት ወር አስመጣት። ሦስቱ ወር ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ እስከዚያ ምንም ያልጠየቀችው ደብሪቱ አንድ ነገር ፈለገች።

"ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚቀመጠውን ዝንጀሮ አሳየኝ" አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሸዋንግዛው አገር ቤት አልጋ ከያዘ ዓመት አልፎታል። አንዳርጌ የላከለት የቀን መቁጠሪያ ከራስጌው ተሰቅሏል። ሥዕሉ ዙሪያውን በረዶ ሆኖ፣ ከሚጤስ ውኃ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ፣ ዓይኑን የጨፈነ ዝንጀሮ ነው። ወንድምና እህት ልጅነታቸውን የጨረሱት ማሽላ ውስጥ፣ ማማ ላይ፣ ወንጭፍ ይዘው ዝንጀሮ ሲጠብቁ ነው። አንድ ቀን የደብሪቱ ተራ ሆኖ እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ማሽላው የለም። ሸዋንግዛው "የተኛሁት እኔ ነኝ" ብሎ የአባታቸውን አለንጋ በሷ ፋንታ ቀመሰ፤ ከዚያ ወዲህም ነገሩን አንድ ቀን አላነሣባትም። እሷ ግን አልረሳችውም። ለጉዞ ስትሰናበተው እጇን ያዘና "ደብሬ፣ ሥዕልን አላምንም። እውነት ዝንጀሮ እንዲህ አርፎ ይቀመጣል? በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ" አላት። ሌላ ምንም አላዘዛትም። ስትመለስ በሕይወት እንደምታገኘው እርግጠኛ አልነበረችም፤ እሱም አልነበረም።

እንግዲህ አንዳርጌ ይህን ሁሉ እያወቀ ራሱን አከከ። "እማዬ፣ ቦታው በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከዚያ ደግሞ ጫካ ለጫካ በእግር ነው። ብቻሽን አልሰድሽም።"

"ብቻዬን መቼ አልኩ? አንተ ውሰደኝ እንጂ።"

"ፈቃድ ከየት አመጣለሁ?"

ይህ የመጀመሪያው እንቢታ ነው። ልጅየው አልወስድሽም አለ፤ ደብሪቱም ዝንጀሮ ሳታይ ዋለች።

"አለቃህን ጠይቀው" አለችው። ነገ እጠይቀዋለሁ አለ። በነጋታው ተነገ ወዲያ አለ። አንዳርጌ ሰው ማስቸገር አይወድም፤ ከመጠየቅ ሦስት ድስት ቢያጥብ ይሻለዋል። በሦስተኛው ቀን እንደ ምንም ብሎ አለቃውን አቶ ሞሪታን ጠየቀ። ሞሪታ በጥርሱ መሐል አየር ሳበ፣ ጣራውን አየ፣ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አደረገ። የቅጠል ወቅት ነው፣ ሆቴሉ ሞልቷል፣ በተራህ የሚገባልህ ሰው ካላመጣህ አይሆንም አለ።

"የምን ቅጠል ነው?" አለች ደብሪቱ።

"ቅጠሉ ሲቀላ ለማየት ሰው ከየአገሩ ይመጣል።"

"ቅጠል ለማየት? ቅጠል አገራቸው የለም?"

ቅጠል ኖራቸውም አልኖራቸውም፣ ሁለተኛው እንቢታ መጣ። አለቃው ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ ልጅየው አልወስድሽም አለ፤ ደብሪቱም ዝንጀሮ ሳታይ ዋለች።

በወጥ ቤቱ አትክልት የምትከትፍ ሂሳኤ የምትባል ሴት አለች። ሐሙስ ሐሙስ ታርፋለች። አንዳርጌ ለመጪው ሐሙስ በኔ ተራ ግቢልኝ ብሎ ለመናት። ሂሳኤ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ "ሐሙስ እንኳ ትንሽ..." አለችና ዝም አለች።

"ታዲያ ምን አለችህ?" አለች ደብሪቱ ማታ እራት ላይ።

"እምቢ አለችኝ።"

"ትንሽ ብቻ ነው ያለችው አላልክም? ወሬውን መች ጨረሰችው?"

"እዚህ አገር ሰው ወሬውን ካልጨረሰ እምቢ ማለቱ ነው፣ እማዬ።"

ደብሪቱ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። የሷ አገር ሰው እምቢ ሲል ወሬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለካ ሂሳኤ ሐሙስ ሐሙስ ተራራ ላይ ብቻዋን ወደምትኖር እናቷ ትሄዳለች። ስለዚህ ሂሳኤ ተራ አልገባም አለች፤ አለቃው ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ ልጅየው አልወስድሽም አለ፤ ደብሪቱም ዝንጀሮ ሳታይ ዋለች።

"እናቷን ወደ ከተማ አምጥታ አታሳርፋትም? እኔን አንተ ከይፋት ድረስ አምጥተኸኝ የለም?" አለች ደብሪቱ።

አንዳርጌ በነጋታው ይህንኑ ሂሳኤን ጠየቃት። መልሱ ዝግጁ ነበር። እናትየው ኪኩ ትባላለች፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ልጇ መጥቼ ልውሰድሽ ብላ ክረምት በመጣ ቁጥር ትለምናታለች። አሮጊቷ ደጄ ላይ ያለው ካኪ ሳይለቀም የትም ንቅንቅ አልልም ብላ ቁጭ ብላለች። ካኪ ማለት ቲማቲም የሚመስል፣ ብርቱካንማ ቀለም ያለው የዛፍ ፍሬ ነው። ባሏ የተከለው ዛፍ ነው፤ ሰውየው ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ፍሬው አንድም ዓመት ሳይለቀም ቀርቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ደብሪቱ ለአሮጊቷ አዘነች። ቢሆንም አራተኛው እንቢታ እንቢታ ነው። ኪኩ ቤቴን አልለቅም አለች፤ ሂሳኤ ተራ አልገባም አለች፤ አለቃው ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ ልጅየው አልወስድሽም አለ፤ ደብሪቱም ዝንጀሮ ሳታይ ዋለች።

"ታዲያ ለምን አይለቀምም?"

"ቅርጫት አይገባላትም አሉ።"

"እንዴት ነው ቅርጫት የማይገባ?"

"ጫፉ የተሰነጠቀ ረጅም ቀርከሃ አላት፣ በሱ ነው የምታወርደው። ሁለት አውርዳ ለሦስተኛው ቀና ስትል ሁለቱ ቅርጫት ውስጥ የሉም። ቅርጫቱን ስትጠብቅ ደግሞ ዛፉ ላይ ያለው ያልቃል። ስትለቅም መጠበቅ አትችልም፣ ስትጠብቅ መልቀም አትችልም።"

አምስተኛው እንቢታ ይኸው። ካኪው ቅርጫት አልገባም አለ፤ ኪኩ ቤቴን አልለቅም አለች፤ ሂሳኤ ተራ አልገባም አለች፤ አለቃው ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ ልጅየው አልወስድሽም አለ፤ ደብሪቱም ዝንጀሮ ሳታይ ዋለች።

"ማነው የሚወስድባት?" አለች ደብሪቱ።

አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ መስኮቱ አየ።

"ማነው አልኩህ?"

"ዝንጀሮ" አለ።

ደብሪቱ አየችውና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ዝንጀሮ እንዳላይ የከለከለኝ ዝንጀሮ ነዋ?"

ነው እንጂ። ዝንጀሮው ዛፉን አልለቅም አለ፤ ካኪው ቅርጫት አልገባም አለ፤ ኪኩ ቤቴን አልለቅም አለች፤ ሂሳኤ ተራ አልገባም አለች፤ አለቃው ፈቃድ አልሰጥም አለ፤ ልጅየው አልወስድሽም አለ፤ ደብሪቱም ዝንጀሮ ሳታይ ዋለች። ቀኑ ሰኞ ነበር። አውሮፕላኑ ቅዳሜ ነው።

ሳቋ ሲያበቃ ተቆጣች። "አንዱ ለአንዱ እያሳለፋችሁ ሳምንቱን ጨረሳችሁት። በኛ አገር የአንዲት መበለት አዝመራ ማሳ ላይ ቀረ ሲባል አገሩ ደቦ ወጥቶ በአንድ ቀን ይሰበስብላታል። እዚህ ደቦ የሚባል ነገር የለም?"

"ኪኩ ሰው አላስቸግርም ትላለች።"

"እናንተ ሁለታችሁማ በዚህ ገጥማችኋል። በል የአሮጊቷ ቤት አውቶቡስ ይደርሳል?"

እሱስ ይደርሳል። በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ሂሳኤ ለእናቷ ደውላ ከነገረች በኋላ፣ አንዳርጌ የመውረጃውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ለሹፌሩ አሳይቶ እናቱን አሳፈራት። ደብሪቱ መንገዱን ሁሉ መቀነቷን ፈትታ ስትጎነጉን ነበር። ስትወርድ መቀነቱ ወንጭፍ ሆኗል።

ኪኩ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻት። ደብሪቱም ጎንበስ አለች። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በጃፓንኛ ደኅና ነሽ ወይ ተባባሉ፤ ሁለቱም ደኅና ነኝ ብለው እንደሆነ ይገመታል። ከዚያ ደብሪቱ ዛፉን አየች። ቅርንጫፉ ላይ ሰባት ስምንት ዝንጀሮ ተቀምጦ ይበላል። ፊታቸው ቀላ ያለ፣ ጅራታቸው አጭር ነው።

ዝንጀሮማ አየች፣ ተረቱ እዚህ ያልቃል የሚል ካለ ደብሪቱን አያውቃትም። "እናንተን ለማየት አይደለም የተላክሁት" አለቻቸው። "እናንተን ድሮም አውቃችኋለሁ።" ድንጋይ አነሣች፣ ወንጭፉን አሽከረከረች፣ ከጓሮው የቆመውን ባዶ በርሜል መታችው። ድምፁ ተራራውን ዞረው። ዝንጀሮዎቹ ወንጭፍ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ግን ሳይነገራቸው ገብቷቸው ወደ ጫካው ሸሹ።

ኪኩ ቀርከሃዋን አንሥታ መልቀም ጀመረች። ደብሪቱ ጠበቀች። ማክሰኞ ውለው ግማሹን አወረዱ። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ኪኩ ትንሽ ምንጣፍ አምጥታ ተቀመጪ አለቻት በእጇ። ደብሪቱ እምቢ አለች። ዓይኗ ከብዷት ነበር፤ ዝንጀሮዎቹም ከጫካው ዳር ቁጭ ብለው ያንኑ የሚጠብቁ ይመስል ያይዋት ነበር። ከተቀመጠች እንደምትተኛ ታውቃለች፤ ከተኛች ምን እንደሚሆንም አንድ ጊዜ አይታለች። ዓመቱ ሃምሳ አልፎታል፣ ፍርሃቱ ግን ያው ነው። ሁለቱንም ቀን ቆማ ዋለች።

ረቡዕ ሊመሽ ሲል ዛፉ ጫፍ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ቀረ። ደብሪቱ እሷንም ላውርድ ብላ ወንጭፏን ስታነሣ ኪኩ ክንዷን ያዘች። ራሷን ነቀነቀች፣ ዛፉን ዳበስ ዳበስ አደረገች። ያገሩ ልማድ ነው፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ለዛፉ ትቀራለች። ደብሪቱ ቋንቋውን ሳታውቅ ነገሩ ገባት፣ ወንጭፏንም አወረደች።

አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ከጫካው ወጣ። ቀስ ብሎ ዛፉ ላይ ወጣ፣ ያቺን አንዲት ፍሬ ቀጠፋት፣ የቀረውን ቅርንጫፍ አየት አየት አደረገ። ባዶ ነው። ወርዶ ሄደ፤ የቀሩትም ተከተሉት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም ሊይዘው አልቻለም። ዝንጀሮው ዛፉን ለቀቀ፤ ካኪው ቅርጫት ገባ፤ ኪኩ ቤቷን ቆልፋ ማታውኑ ልጇ ዘንድ ወረደች፤ ሂሳኤ ሐሙስ ተራ ገባች፤ አለቃው ፈቃድ ሰጠ፣ አራት ካኪም ተላከለት፤ ልጅየው መኪና ተውሶ አስነሣ፤ ደብሪቱም ከፊት ወንበር ገባች።

በዚያ ሌሊት የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጥሎ ነበር። መኪናቸውን አቁመው በጫካው መሐል እያዘገሙ ወጡ። ውኃው ከድንጋዮች መሐል ይጤሳል። እዚያ ዝንጀሮዎቹ፣ እስከ አንገታቸው ገብተው፣ ትከሻቸው ላይ በረዶ ጣል ብሎባቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። አንዱ እንኳ ዞሮ አላያትም። አንዳርጌ ስልክ ደውሎ ሰጣት። አገር ቤት ገና ማለዳ ነበር፤ የወንድሟ ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት።

"ጋሼ፣ አየሁት" አለች ደብሪቱ።

"እውነት ነው?" ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"እውነት ነው። ተቀምጠዋል።"

"የሚያባርራቸው የለም?"

"የለም።"

"ማሽላስ?"

"ማሽላም የለ፣ ማማም የለ። ዝም ብለው ይሞቃሉ።"

 

"አንቺስ?" አለ ሸዋንግዛው። "ቆመሽ ነው?"

"አዎ፣ ቆሜ ነው።"

"ተቀመጪ እንግዲህ፣ ደብሬ። ቢያሸልብሽም ተኚ፤ ዛሬ እኔ እጠብቃለሁ።"

ደብሪቱ አለቀሰች። ከዚያ ከአንድ ድንጋይ ላይ በረዶውን በእጇ ጠረገችና ተቀመጠች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ተረቴን ለቅሜ ጨረስሁ። አንዲት ቃል ዛፉ ጫፍ ላይ ትቻለሁ፤ ከኋላ የሚመጣ ያውርዳት።