ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ስንዱ እንበላት። በውሃ ቀለም ሥዕል ትሥላለች። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ዓይናቸው ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ሄደ፤ ሐኪሙም ብርሃናቸው ብዙ እንደማይቆይ ቁርጡን ነገራቸው።

እናትየው አንድ ነገር ለመኑ። «ልጄ፣ ሳይጨልምብኝ የአገሬን አደይ አበባ ሣይልኝ። ያንን ቢጫ አንዴ ልየው።»

ስንዱ ለሥራ ተነሣች። ለእናት እንዴት አይነሡም? ብሩሹን ቢጫው ውስጥ ነከረች፤ ቀባች። ቢጫው ጭቃ መስሎ ቁጭ አለ! ወረቀቱን ቀደደች። ሌላ ቢጫ ገዛች፤ ያም ደፈረሰ። ወረቀት ቀየረች፣ ብሩሽ ቀየረች፤ ያው ነው። እናትየው ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «የደረቀ ሣር ነው እንዴ ልጄ?» አሏት።

ያልቀየረችው ምን ቀረ? እስቲ ንገሩኝ!

ብሩሹን የምታጥብበት ጣሳ! በሰፈራቸው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ውሃ ላለማባከን ብላ ቡናማውንም ጥቁሩንም በዚያው ጣሳ ስታጥብ ሰንብታለች። አሁን ገና ጎንበስ ብላ ውስጡን አየችው። ቤት ውስጥ የቀረው ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለመጠጥ በጀሪካን ያስቀመጡት ብቻ ነው።

«እማዬ፣ የምንጠጣውን ልነካብሽ ነው።»

«ንኪው! ጥሙን እችለዋለሁ። ያንን እድፍ አሁኑኑ ድፊልኝ።»

ደፋችው። ጣሳውን አጥባ ንጹሑን ቀዳች። ከዚያ ያንኑ ቢጫ አነሣች። ያንኑ ነው ወገኖቼ፣ አዲስ አልገዛችም!

እናትየው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ቀጥለው «ይኸው! ይኸው መጣ!» ብለው አለቀሱ።

እናንተስ? «ጌታ ሆይ፣ አዲስ ሥራ ስጠኝ፣ አዲስ ሰፈር ስጠኝ» ትላላችሁ። ይሰጣችኋል፤ እሱም ይደፈርሳል። ለምን? ከወንድማችሁ ጋር የተጣላችሁበትን የዛሬ ስንት ዓመት ቂም አልደፋችሁትማ! እንደ ብርቅ ውሃ ቆጥባችሁ ይዛችሁታል። ማለዳ ትነክሩበታላችሁ፤ ጸሎታችሁን ሳይቀር ትነክሩበታላችሁ።

መድፋት ያስጠማል፤ አልዋሻችሁም። ይቅርታ ስትጠይቁ ጉሮሯችሁ ይደርቃል። ይድረቅ! ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። መጀመሪያ የወንድማችሁን በር አንኳኩ። የናንተን ቢጫ ለማየት ዓይኑ እየደከመ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

ሳይጨልምበት ድፉት።