ቁልፉን ያልተጫነችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጉም በሚውጠው ሸንተረር ላይ፣ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ውርንጭላው ገና መወለዱ ነው፤ ሲቆም እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሩቅ መሄድም አይችልም። አህዪት ከእሱ በፊት ሌላ ልጅ ነበራት። ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ በወረደበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጅብ ከደጇ ላይ ነጥቆ ወሰደባት። ኮቴ እንኳ አልሰማችም። ዞር ስትል ልጇ የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሣር ስትግጥም ሆነ ስታንቀላፋ ጆሮዋ እንደቆመ ነው።

ዘንድሮ ግን ዝናቡ ሳይጀምር ወደ ጦጢት ሄደች። ጦጢት ከገደሉ ማዶ፣ ፀሐይ በሚመታው አለት ላይ ሶላር ዘርግታ የአገሩን እንስሳት ባትሪ ሁሉ ቻርጅ ታደርጋለች። ለአህዪት ጡጫ የሚያህል ሴንሰር ሰጠቻት። ሽቦ የለውም። በጎጆው መቃን ላይ ይሰቀላል፤ ከፊቱ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ካየ ቤት ውስጥ የተቀመጠችው ትንሽ ደወል ትጮኻለች። ደወሏ ላይ ደግሞ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ሴንሰሩ ነቅቶ ወደ ውጭ ያያል፣ ማንም ከሌለ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ይመልሳል።

«ስሚኝ አህዪት፣» አለቻት ጦጢት፣ «ይህ ዓይን ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው። ተኝቶ ሳለ ባትሪ አይበላም፤ የሚበላው ሲነቃ ነው። ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር ከነቃ፣ አንቺም ቁልፉን እየተጫንሽ ከቀሰቀስሽው፣ ክረምቱ ሳይጋመስ ያልቅብሻል።»

ከዚያም የዓይኑን ንቃት የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማዞሪያ መሃል ላይ አድርጋ ሰጠቻት። ፊቱን ወደ ቁጥቋጦ ሳይሆን ወደ መንገዱ እንድታደርገው፣ ብርድ ባትሪን ስለሚያደክም ከዝናብ እንድትከልለው፣ የባትሪውን ጉልበት የሚያሳየው የሴንሰሩ አረንጓዴ መብራት ቢጫ ሲሆን ደግሞ ቀይ እስኪሆን ሳትጠብቅ ይዛው እንድትመጣ ነገረቻት። አህዪት ሁሉንም እሺ ብላ ተቀብላ ሄደች።

መጀመሪያ ሰሞን ደህና ተኛች። ዝናቡ ሲጀምር ግን ፍርሃቷ ተመለሰ። ደወሏ ዝም ስትል፣ «ጅቡ ደጅ ቆሞ ዓይኑ ሳያየው ቀርቶ ይሆን?» ትላለች። ቁልፉን ትጫናለች። ጢቅ። ደረቷ ቀለል ይላታል። ወዲያው ደግሞ፣ አሁን ባይኖርም ኋላ ቢመጣስ ብላ መልሳ ትጫናለች። ጢቅ። ጢቅታው የሚያረጋጋት አንዴ እስክትተነፍስ ድረስ ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል ቀበሮ ልትጠይቃት መጣች። ከአጥሩ ውጭ በአክብሮት ቆማ እጅ ነሳች፤ ዓይኗ ግን መቃኑ ላይ ነበር።

«እንደምን ዋሉ እመት አህዪት? ምነው እንዲህ ከሱ?»

አህዪት የሚያዋያት አጥታ ከርማ ነበርና ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ስለ ሴንሰሩ፣ ስለ ባትሪው፣ ጦጢት ስላዘዘቻት ሁሉ። ቀበሮ እያዘነች ሰማቻት።

«መቼም የልጅ ነገር ሆኖ ነው እንጂ አልናገርም ነበር፣» አለች በመጨረሻ። «አያ ጅቦ በመንገድ የሚመጣ እንግዳ ነው እንዴ? የሚመጣው በቁጥቋጦው በኩል ነው። እኔ ብሆን ዓይኑን ወደዚያ አዞረው ነበር፤ ማዞሪያውንም እስከ ጥጉ ድረስ። ዝንብ እንኳ ሳይጮኽባት አትለፍ።»

አህዪት ያ ባዶ ቦታ ትዝ አላት። ቀበሮ ገና ከዓይኗ ሳትርቅ ሴንሰሩን ወደ ቁጥቋጦው መለሰችው፤ ማዞሪያውንም እስከ ጥጉ አዞረችው።

ከዚያ በኋላ ደወሏ ዝም ብላ አታውቅም። ቅጠል ሲወዛወዝ ትጮኻለች፤ እንሽላሊት ሲያልፍ ትጮኻለች፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ሳይቀር ቁጥቋጦው ይነቃነቃል፣ እሷም ትጮኻለች። በጮኸች ቁጥር አህዪት ልቧ እየዘለለ ትነሳለች፣ ውርንጭላውን በአንገቷ ከልላ ወደ በሩ ታፈጣለች። ማንም የለም። ቁልፉን ትጫናለች። ደወሏም እንደገና ትጮኻለች።

መብራቱ ቢጫ ሆነ። አህዪት አየችው። ነገ እወስደዋለሁ አለች። ነገ ሲሆን ደግሞ፣ ውርንጭላው ገደሉን መሻገር አይችልም፣ ትቼው ብሄድ ማን ይጠብቀዋል፣ ዓይኑን ነቅዬ ብሄድ በሩ ዕውር ሊሆን አይደለም ወይ እያለች ቀረች። እንዲህ ስታመነታ ጉሙ ሸንተረሩ ላይ ወርዶ ተኛ። ፀሐይ ጠፋች። ብትሄድም እንኳ የጦጢት ሶላር ከጉም ምንም እንደማያገኝ ታውቃለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቀና ስትል መብራቱ ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል።

አህዪት በሩን ገፋ አድርጋ ወጣች። ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይታይም፤ ነጭ ብቻ ነው። ወደ ቁጥቋጦው ተጠጋችና አፍንጫዋን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። ጭቃው በቀበሮ ዱካ ተጨማልቋል። አንዱ ቅርንጫፍ ልጡ በጥርስ ተልጧል፤ ተነክሶ ብዙ ጊዜ የተጎተተ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀን ቁጥቋጦውን ማን ሲነቀንቀው እንደከረመ ያን ጊዜ ገባት። ባትሪው ሲሞት ማን ሊመጣ እንደሚችልም ገባት።

መሮጥ አማራት፤ ግን የሚሮጥ ልጅ የላትም። ወደ መቃኑ ተመለሰች። ማዞሪያውን በከንፈሯ መልሳ መሃል ላይ አደረገችው፣ ዓይኑንም ከቁጥቋጦው ወደ መንገዱ አዞረችው። ባትሪው በብርድ በረዶ ሆኗል። አውጥታ ይዛው ገባችና ከውርንጭላው ጎን ተኝታ በሆዷ ሥር ሸጎጠችው። ባትሪው እስኪሞቅ በሩ ዓይን አልነበረውም። አህዪት ያን ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቷ አሳልፋ አታውቅም። የጣራው ጠብታ ሁሉ ኮቴ ይመስላታል። ባትሪው ሲሞቅ ወስዳ መለሰችው፤ ቀዩ መብራት ድክም ብሎ በራ። ከዚያ ገብታ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ደወሏ ከፊቷ ናት፣ ቁልፉም ከአፍንጫዋ ሥር።

ዝምታው ከጩኸቱ ባሰ።

«እማዬ፣» አለ ውርንጭላው፣ «እስቲ ተጫኚውና እንወቅ።»

«አይሆንም ልጄ። የቀረችው ጉልበት አንዴ ለመጮህ ነው የምትበቃው። ደወሏ ካልጮኸች ማንም የለም ማለት ነው።»

ወይም ዓይኑ ሞቷል ማለት ነው። ይህን ግን አልነገረችውም። ከንፈሯ ወደ ቁልፉ እየሄደ ትመልሰዋለች። ከውጭ የሆነ ነገር ሿ ያለ መሰላት። ቁጥቋጦው ይሆን? አልተጫነችም። እንደገና ሿ አለ፣ ረዘም አድርጎ። ላብ በጆሮዋ ሥር ወረደ። አሁንም አልተጫነችም። ሿታው ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ድንገት ደወሏ ጮኸች።

አንዴ ብቻ ነው የጮኸችው። በበሩ ስንጥቅ የሚታየው ቀይ ብርሃን ጠፋ። የመንገዱ ጭቃ እየተላቆጠ የሆነ ከባድ ነገር ቀረበ። የሬሳ ሽታ ጎጆውን ሞላው። ውርንጭላው ድምፅ ሳያሰማ ከአህዪት የፊት እግሮች መሃል ገባ። በሩ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተገፋ፤ መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ለሃጭ የሚያዝረበርብ መንጋጋ ገባ። አህዪት ዓይኗን ጨፈነችና በሁለቱም የኋላ እግሮቿ፣ ያለፈውንም ያሁኑንም ፍርሃት ሁሉ አስገብታ ረገጠች።

አንድ ነገር ቀጭ አለ። አያ ጅቦ ከበሩ ጋር ተስፈንጥሮ ጭቃው ላይ ወደቀ። ከጉሙ ውስጥ ማጓራቱ ተሰማ።

«ዓይኑ ሞቷል አላልሽኝም? ደጋግሜ አልጠየቅኩሽም?»

«ቅርንጫፉን ስጎትተው ዝም አለ አያ ጅቦ፣» አለች ቀበሮ ከሩቅ። «ዝም ማለቱ መሞቱ መስሎኝ ነው።»

አያ ጅቦ ሌላውን አልሰማም። አህያ ቢያጣ ቀበሮም ሥጋ ናት ብሎ፣ የተሰበረ መንጋጋውን እያንጠለጠለ ተከተላት። ሩጫቸው ቁልቁል ራቀና ጠፋ። ቀበሮ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሸንተረር አልታየችም።

አህዪት ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በሩ ወድቋል፣ ባትሪው ሞቷል፣ ጉሙም ከነነጭነቱ እዚያው ነው። ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ፣ ልጇን በሆዷ ሥር ይዛ፣ ኮቴዋን ወደ ውጭ አድርጋ ቆመች። ሰማዩ ሲገለጥ ሴንሰሩን በጥርሷ ይዛ ከልጇ ጋር ገደሉን ተሻገረች። ውርንጭላው ደጋግሞ ወደቀ፣ ደጋግሞም ተነሳ። ጦጢት ባትሪውን ተቀብላ ሶላሩ ላይ ስትሰካ፣ አህዪት ዘወር ብላ የመጡበትን መንገድ ታይ ነበር። ቆዳዋ አሁንም ይርገበገባል። ውርንጭላው በሞቀው አለት ላይ ተዘርግቶ እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚህ የምንማረው፣ በረባ ባልረባው ስንቀሰቅሰው የከረምነው ጠባቂ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ ጉልበት እንደሚያጣ፣ ፍርሃቱን ችሎ የጠባቂውን ጉልበት ለቆጠበ ግን ጠባቂው በክፉ ቀን እንደሚደርስለት ነው።