የረጋው ማር

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የገበያው እውነት» በሉኝ።

የገበያው ዳኛ አያ ዝንጀሮ አንዲት የቀረችውን የመሸጫ መደብ ማሯ ለበለጠላት ሊሰጥ ቃል ስለገባ፣ ንብና ዝንብ ገንቦ ገንቧቸውን ይዘው ቀረቡ። ንብ ከአደይ አበባ ስትለቅም የከረመችው ማር በጥቅምቱ ብርድ ረግቷል። ዝንብ ስኳር በውኃ አፍልታ ያመጣችው ግን እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል።

ዝንጀሮ የንብን ገንቦ አይቶ፣ «ይሄ እኮ ስኳር ነው! አታፍሪም?» አላት።

«አያ ዝንጀሮ፣ ንጹሕ ማር ሲበርደው ይረጋል። እስቲ ይቅመሱት!»

«ዓይኔ እያየ ምላሴን ምን አደከመው?» አለና መደቧን ለዝንብ ሰጣት።

ንብ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ ዝንብ ሮጣ ደረሰችባትና በጆሮዋ፣ «እትዬ ንብ፣ ትንሽ ሽጪልኝ። ልጄን ሳል ይዞታል፤ መቼም ከእኔ ገንቦ አልሰጠው!» አለቻት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በማር ካበሳችሁ ግን በረጋው ይሁን።